ስክሪን የሌለው ኪቦርድ

ቢቸና፣ ጥቅምት 12 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመምህር ያየህ፤

የሞጣ ብርድ እንዴት አድርጎሃል? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤም ቢሆን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የጽሕፈት መኪና ፊት ተቀምጦ እስከ ዛሬ መታገሡ ያስመሰግነዋል እንጂ አያስወቅሰውም። እናቴ ስምህ ሲነሳ "ያ ቀጭኑ አስተማሪ" ትልሃለች። ቢቸናን ለቀህ ሞጣ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ከከፈትክ ስምንት ዓመት እንደሆነህ ብነግራትም ለእሷ ገና የእኛ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነህ።

"እውነት ጫማ አውልቃችሁ ነው የምትገቡት?" ላልከኝ፣ እውነት ነው። ወሬውን ያደረሰልህ ሾፌሩ ደምለው መሆኑን አውቃለሁ፤ አውቶቡሱ ያለ ወሬ አይነሳለትም። ኮምፒውተሩ የገባ ዕለት የወረዳ ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ አቶ አካለ ወልድ በገዛ ቢሮው አስቀመጠው፣ ባለቤቱ የሠራችውን ዳንቴል አለበሰው፣ አቧራ ጠላቱ ነው ብሎም ጫማችንን በር ላይ አስቀረ። ባለፈው ሳምንት አንድ ባለጉዳይ የጫማውን ክምር አይቶ መቃኑን ተሳልሞ ገባ። ማንም አልሳቀበትም፤ እኔም እዚያ ክፍል ስገባ ድምፄ ይቀንሳል።

ግንባሩ ላይ ምን ተጽፎበታል ላልከው፣ ፔንቲየም ፎር ይላል። ጥሩ ይሁን መጥፎ አንተ ታውቃለህ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ኮሌጅ ጨርሳ የመጣች ይርጋነሽ የምትባል ልጅ አለች፤ ደብዳቤ ስትጽፍ አጠገቧ ቆሜ አየሁ። ሳተች። አንዲት ቁልፍ ነካ አደረገችና ስህተቱ እንዳልነበረ ሆነ። በአራት ካርቦን የሚጻፍ ደብዳቤ መጨረሻው መስመር ላይ ሲሳት እንዴት እንደሚያንገበግብ አንተ አይተሃል። እኔ ስንቱን ወረቀት ቀድጃለሁ። ይህ ዕቃ ግን ይቅር ይላል። አርባ ስድስት ዓመቷ ላይ ፍቅር ያዛት ብለህ ሳቅ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወድጄዋለሁ።

አሁን ወደ ጭንቀቴ። በአዲሱ መዋቅር ለጽሕፈት ሥራ የቀረው አንድ መደብ ብቻ ነው። እኛ ሦስት ነን፤ እኔ፣ ይርጋነሽና ጡረታዋን የምትጠብቀው ፈንታነሽ። የካቲት ላይ በኮምፒውተር እንፈተናለን። ያላለፈች "ተንሳፋፊ" ትባላለች፤ ክፍት ቦታ የተገኘበት ገጠር ቀበሌ ትመደባለች ማለት ነው። እናቴ አልጋ ላይ ከዋለች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከእኔ በቀር የሚያገላብጣት የለም። እሷን ጥዬ የትም አልሄድም፣ ያለ ደመወዝም ላኖራት አልችልም። ሞጣ መጥቼ የማልማርበት ምክንያት ይኸው ነው። በደብዳቤ ማስተማር ይቻላል? ካልተቻለም ንገረኝ፣ አልቀየምህም።

እህትህ ወይንእሸት


ሞጣ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ወይንእሸት፤

እንደምን ሰነበቱ? እናታችንስ እንዴት አደሩ? ቀጭኑ አስተማሪ አሁን ቦርጭ አውጥቷል ብለው ይንገሩልኝ።

ይቻላል። በደምለው እጅ የላኩልዎት በፌስታል የተጠቀለለው ዕቃ ከሞተ ኮምፒውተር ላይ የነቀልኩት ኪቦርድ ነው። ገመዱን የትም አይሰኩት። ጠረጴዛ ላይ ያኑሩትና ጣትዎን ያለማምዱ። የፊደሎቹን ቦታ በወረቀት ሥዬ አያይዣለሁ። በጽሕፈት መኪናው መጀመሪያ ፊደሉን መትተው እጅና እግሩን በኋላ ይቀጥሉለት ነበር፤ እዚህም ፊደሉ ይቀድማል፣ ድምፁ ይከተላል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ እንደ መኪናው አይምቱት። ቀስ ብለው ይንኩት፣ ይሰማዎታል።

ስለ ኮምፒውተርዎ አስተያየቴን ስለጠየቁኝ ደስ ብሎኛል፤ እዚህ ሳልጠየቅ የማወራ ሰው ሆኜ ሠልጣኞቼ ተቸግረዋል። ፔንቲየም ፎር ካገኛችሁ ተመስገን በሉ። ከስድስቱ የእኔ ኮምፒውተሮች አራቱ ፔንቲየም ቱ ናቸው። አርጅተዋል፤ ግን እንደ ደህና የእርሻ በሬ ስማቸው ሲጠራ ይነሳሉ። በአዲሶቹ ላይ ዊንዶውስ ኤክስፒ ጭኛለሁ። ሲከፈት ሰማያዊ ሰማይና አረንጓዴ ኮረብታ ይመጣል፤ ከግንደወይን የመጡ ሠልጣኞቼ "ይህ የእኛ አገር ነው፣ በመስከረም የተነሳ" ብለው ተከራከሩኝ። እኔም አመንኳቸው። ከሁሉ የምወደው ግን የሠሩትን ወደኋላ የሚመልሰውን ትእዛዝ ነው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ አሥር ጊዜ ይመልሳል። ይህን ያሰበ ሰው በሕይወቱ ብዙ የተጸጸተ መሆን አለበት።

ስለ ፈተናው የጻፉትን ሳነብ ቢቸና የማስተምርበት ያ ዓመት ትዝ አለኝ። የሰባተኛ ክፍልን ፈተና አውጥቼ ስቴንስል እንዲጽፉልኝ ሰጠሁዎት፤ ሁለት ሳምንት በእርስዎ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ቆየ። የእህትዎ ልጅ አየሁሽ እዚያው ቤትዎ እያደረች ስታጠና ነበር። በሁለት ነጥብ ወደቀች። ወረቀቷን ያረምኩት እኔ ነኝ። እርስዎ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲመሰገን በሰማሁ ቁጥር በእርስዎ እለካዋለሁ።

አክባሪዎ ያየህ


ቢቸና፣ ኅዳር 18 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለያየህ፤

የድሮውን አታንሳብኝ። አየሁሽ በዓመቱ አልፋለች፤ አሁን ደጀን ነርስ ናት፣ እኔንም ትወቅሰኛለች።

"ጣትዎ ለመደ ወይ?" ላልከኝ፣ እናቴን ጠይቃት። ማታ ማታ ከአልጋዋ ጎን ጠረጴዛ አስጠግቼ እለማመዳለሁ። እሷ ዳዊት ትደግማለች፣ እኔ እየሰማሁ እጽፋለሁ። ከሳምንት በፊት "አንቺ ልጅ፣ ቀደምሽኝ" አለችኝ። ምን እንደጻፍኩ ግን እኔም እሷም አናውቅም፤ ስክሪን የለውማ። ጎረቤት የገባ ሰው ባዶ ሰሌዳ ስጠበጥብ አይቶ በዓይኑ አማተበብኝ።

በቢሮ ረቡዕና ዓርብ አንድ አንድ ሰዓት ተፈቅዶልኛል። አቶ አካለ ወልድ ቁልፉን ከአንገቱ አውጥቶ ይከፍትልኛል። በቀረው ጊዜ እሱ ካርታ ይጫወትበታል፤ ሲያሸንፍ ካርታዎቹ እየነጠሩ ይወርዳሉ፤ ያን ጊዜ ማንኛውንም ማመልከቻ ብታቀርብ ይፈርምልሃል። ማውስ የሚሏትን አይጥ ግን አልወደድኳትም። እጄ ከቁልፍ ላይ ተነስቶ ዕቃ ሲያሳድድ ጊዜ ማባከን ይመስለኛል። ወደ ላይ ሳስኬዳት ጠረጴዛው አለቀብኝ፤ ይርጋነሽ አንስቼ እንደገና ማስቀመጥ እንደምችል እስክትነግረኝ ድረስ ግድግዳ ላይ ልወስዳት ነበር።

በኢንተርኔት የሚዞር መልእክት ብለህ የጻፍክልኝን አንብቤ ሳቅሁ። "ለአሥር ሰው ካላስተላለፍክ መዓት ይደርስብሃል" ነው የሚለው? ልጄ፣ እኔ እኮ ይህን ከደርግ ዘመን ጀምሬ ስጽፈው ኖሬአለሁ። "በሕልም የታየ ነው፣ በሰባት አባዝተሽ ስጪኝ" እያሉ ያመጡልኝ ነበር። አንድ ሰውዬ ስድስት ኮፒ ጽፌ ካርቦኑ ሲያልቅብኝ አለቀሰ። እንግዲህ ፈረንጅ ካርቦኑን ብቻ ነው ያስቀረው።

በኮምፒውተር የጻፍኩትንና ያተምኩትን ሦስት ገጽ ልኬልሃለሁ። ሳታዝን እረም።

ወይንእሸት


ሞጣ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ወይንእሸት፤

በመልሴ መዘግየት ይቅርታ። እዚህ ለአምስት ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ሠልጣኞቼን በጠመኔ "ይህ ፋይል ነው፣ ይህ ፎልደር ነው" እያልኩ በሰሌዳ አስተማርኳቸው።

ገጾቹን ሦስት ጊዜ አነበብኳቸው። ስህተት ፈለግሁ፣ አጣሁ። ኅዳጉ ቀጥ ያለ፣ መስመሩ የተስተካከለ፣ ነጥቡ በቦታው። ለሠልጣኞቼ ሁሉ አሳየሁ። "ይህን የጻፉት ሴት የሚለማመዱት ባዶ ኪቦርድ ላይ ነው" ስላቸው ማንም አላመነኝም። ገጹን ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

"እዚያ ኢንተርኔት ውስጥ ሰው በምን ይተዋወቃል?" ብለው ጠይቀውኛል። ባለፈው ወር ባሕር ዳር ሄጄ አንድ ቀን ሙሉ ካፌ ተቀምጬ ነበር። የመወያያ ክፍል የሚባል አለ። ገና "ሰላም" ከማለቴ ዕድሜ፣ ፆታ፣ አገር ብለው ጠየቁኝ። እኛ የሰውየውን፣ የልጆቹን፣ የከብቶቹን ደህንነት ሳንጨርስ ስም አንጠይቅም፤ እነሱ በሦስት ቃል ጨርሰው ወደ ቀልድ ይገባሉ። የገረመኝ ግን ደግነታቸው ነው። አንድ ፕሪንተር አልሠራ ብሎኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ችግሬን ጻፍኩ። ሻይዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ የማላውቀው ሰው ከየት አገር እንደሆነ ሳይነግረኝ ደረጃ በደረጃ መለሰልኝ። ምስጋናዬን ብጽፍለት ወጥቶ ሄዷል። እንዲህ ያለ ሰው መንገድ ዳር ውኃ አቅርቦ ከሚቆም ሰው በምን ያንሳል?

በርቱ። እንዲህ ከጻፉ መደቡ የእርስዎ ነው።

ያየህ


ቢቸና፣ ጥር 15 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለያየህ፤

ጥምቀት እንዴት አለፈ? ሁለት ደብዳቤ ጽፌ መልስ አጣሁ። ደምለውን ብጠይቀው "ሥራ በዝቶበታል፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎችም ሲፈልጉት አይቻለሁ" አለኝ። ሥራ ከሆነ እሰየው።

ፈተናው የካቲት 20 ቀን ነው፣ ተለጥፏል። እንቅልፍ ቀንሶብኛል። ፈንታነሽ ራሷን አግልላለች፤ ስለዚህ እኔና ይርጋነሽ ነን። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ሻይ እንኳ ቀድማ አትጠጣብኝም። ብጠላት ይቀለኝ ነበር።

እስካሁን የላክሁልህ የታተመ ወረቀት ነው። ይርጋነሽ ፍላሽ አዋሰችኝ፤ የጻፍኳቸውን ስምንት ደብዳቤዎች ሁሉ ይዟል። ኮምፒውተርህ ላይ ከፍተህ አይተህ የጎደለኝን ንገረኝ። ከአሁን በኋላ ፊት ለፊት የሚነግረኝ ሰው ነው የምፈልገው።

ወይንእሸት


ሞጣ፣ የካቲት 8 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ወይንእሸት፤

ጤናዎ እንዴት ነው? እናታችንስ? እዚህ ሁሉም ሰላም ነው። ፍላሹን ለደምለው መልሼ ሰጥቼዋለሁ፤ ቫይረስ ነበረበት፣ አጽድቼዋለሁ።

ስለ ፋይሎቹ ምንም ልነግርዎት አልችልም። ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ፤ እለምንዎታለሁ። እስከ ፈተናው ድረስም አልጽፍልዎትም። ቂም እንዳይመስልዎት።

ያየህ


ቢቸና፣ የካቲት 21 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለመምህር ያየህ፤

ትናንት ከፈታኞቹ መካከል ቁጭ ብለህ አየሁህ። ለካ ያ ሁሉ ዝምታ ለዚህ ነበር። ሰላም ሳትለኝ ማለፍህ ገባኝ፤ እኔም አንገቴን ደፋሁ።

አንተ ስለነበርክ ምን እንደሆነ አልነግርህም። የመጀመሪያውን ክፍል ከይርጋነሽ በአሥራ አንድ ደቂቃ ቀድሜ መጨረሴን አይተሃል። ሁለተኛው ክፍል "ኅዳጉን አጥብቡ፣ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ይህን ዓረፍተ ነገር ጨምሩ" አለ። እንዳዘዘው አደረግሁ። ገጼ ፈረሰ። አንዱ መስመር ሙሉ፣ ቀጣዩ ሁለት ቃል፣ እንደገና ሙሉ፣ እንደገና ሁለት ቃል። አንዱን ሳቃና ሌላው ሲሰበር ሰዓቱ አለቀ። የይርጋነሽ ገጽ ግን ራሱን ሰብስቦ ቁጭ አለ።

የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ምን አጠፋሁ? አሁን እንኳ ንገረኝ።

ወይንእሸት


ሞጣ፣ የካቲት 27 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ወይንእሸት፤

ትናንት ውጤቱ መለጠፉን ሰማሁ። በሦስት ነጥብ ተበልጠዋል። ምን እንደምል አላውቅም፤ ስለዚህ እውነቱን ብቻ ልጻፍ።

በጽሕፈት መኪና መስመሩ ሲሞላ ደወሉ ይጮሃል፣ እርስዎም በእጅዎ ይመልሱታል። ኮምፒውተሩ ላይም መስመሩ በሞላ ቁጥር ኢንተር የሚባለውን ትልቁን ቁልፍ ሲጫኑ ኖረዋል። ኮምፒውተር ግን መስመሩን ራሱ ያወርዳል፤ ኢንተር የሚያስፈልገው አንቀጹ ሲያልቅ ብቻ ነው። በወረቀት ላይ ይህ አይታይም። ግድግዳዬ ላይ የለጠፍኩት ገጽ ያማረ ነበር፣ ግን ውስጡ በየመስመሩ ተቆርጧል። ኅዳጉ ሲነካ መፍረሱ ለዚህ ነው። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ስክሪን በሌለው ኪቦርድ ያስተማርኩዎት እኔ ነኝ፤ መስመሩ ብቻውን ሲወርድ የሚያዩበት ዕድል አልሰጠሁዎትም።

አሁን የሚከብደው። ጥር መጀመሪያ ላይ መሥሪያ ቤታችሁ ፈተና እንዳወጣና እንዳርም ጠየቀኝ። ደስ አለኝ። ሲያሸንፉ በዓይኔ አያለሁ ብዬ ተቀበልኩ። "አንዷን ተፈታኝ አስተምራታለሁ" ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። ጥያቄውን አውጥቼ አሽጌ ካስረከብኩ በኋላ ፍላሽዎ ደረሰኝ። ፋይሉን ከፈትሁ፤ ስውር ምልክቶቹን የሚያሳየውን ቁልፍ ነካሁ፤ በየመስመሩ መጨረሻ ያ የኢንተር ምልክት ተሰልፏል። ሁለተኛው ክፍል ላይ እንደሚወድቁ ያን ሰዓት አወቅሁ። ከፈተናው በፊት ሃያ ቀን ነበረኝ። አንድ መስመር ብጽፍልዎት ያልፉ ነበር። አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀደድሁት። በቀደድኩ ቁጥር የማስበው ያንን መሳቢያዎን ነበር።

ሕጉን አይቻለሁ። ፈታኝ ከተፈታኝ ጋር ግንኙነት ካለው ፈተናው ይሰረዛል፣ በሌላ ፈታኝ ይደገማል። አቤት ማለት የምትችለው ግን ተፈታኟ ብቻ ናት፤ ጊዜው እስከ መጋቢት 3 ነው። ይህን ደብዳቤ ያቅርቡት። በእጄ የጻፍኩት ነው፣ ከታችም ፈርሜበታለሁ። አሁን ጥፋቱን ስላወቁት በሁለተኛው ፈተና የሚቀድምዎት አይኖርም። የእኔ ስም ይጠፋል፤ ማሠልጠኛዬም ምናልባት ይዘጋ ይሆናል። ይገባኛል። እባክዎ አይዘኑልኝ፣ እናታችንን ያስቡ።

ያየህ


ቢቸና፣ መጋቢት 4 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለያየህ፤

ደብዳቤህ ሰኞ ደረሰኝ። ዛሬ ዓርብ ነው። ጾሙ እንዴት ይዞሃል?

ሁለት ቀን ተቆጥቼብህ ነበር፤ ልደብቅህ አልፈልግም። ማክሰኞ እናቴን ሳገላብጥ "ሃያ ቀን፣ አንድ መስመር" እያልኩ በልቤ ሰደብኩህ። እናቴ "ምን ሆነሻል? እጅሽ ጠነከረ" አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና "ታዲያ ነግሮሽ ቢሆን ኖሮ ምን ትይው ነበር?" አለችኝ። አሰብኩት። ነግረኸኝ ብታሳልፈኝ ኖሮ በዓመቱ ልጅህን ስትድር ብትጠራኝ ሠርግህ ላይ አልቀመጥም ነበር። እንዲህ ያለች ክፉ ሴት ነኝ።

ጥፋትህ ዝም ማለትህ አይደለም። ጥፋትህ መጀመሪያውኑ "አውቃታለሁ" አለማለትህ ነው። እሱን ንስሐ ግባበት። ሁለተኛ ፈተና አውጣ ሲሉህ የስም ዝርዝር አምጡ በል፣ የምታውቀው ሰው ካለበት ተው። ዝምታህን ግን ማንም እንዲነካብህ አልፈልግም፤ እኔ የማውቀው ዝምታ ነው። አየሁሽ ወድቃ ስታለቅስ አጠገቧ የተኛሁት እኔ ነኝ። ምን እንደተሸከምክ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ይርጋነሽ ረቡዕ ቢሮዬ መጣች። ቆማ ቆማ "እትዬ፣ ግልባጩ ለማን ለማን እንደሚደረግ አላውቅም፤ ለዞን ሲጻፍ እና ለፍርድ ቤት ሲጻፍ ይለያያል ይላሉ" አለችኝ። መደቡን የወሰደችብኝ ልጅ ናት። አስቀመጥኳትና አስተማርኳት፤ ደብተር ይዛ ነው የመጣችው። ከዚያ የረቡዕ ሰዓቴ ነውና አቶ አካለ ወልድ ቢሮ ይዛኝ ገባች፤ ኮምፒውተሩን ከፍታልኝ ከአጠገቤ ሄደች። ከስምንቱ ደብዳቤዎቼ አንዱን አወጣሁና አንተ እንዳልከው በየመስመሩ መጨረሻ የተከልኩትን አንድ በአንድ አጠፋሁ። ከዚያ ኅዳጉን ወደ ውስጥ ገፋሁት። ቃላቱ ተራቸውን ጠብቀው ወደ ታች ወረዱ፤ አንድም አልተሰበረም። አሰፋሁት፣ ተመለሱ። እንደ ሕፃን አሥር ጊዜ አጠበብኩ፣ አሥር ጊዜ አሰፋሁ። ያየህ፣ ይህን የሠራ ሰው ይባረክ። ሃያ ሁለት ዓመት መስመር የመለሰ እጄን አይቼ አለቀስኩ፤ ከሐዘን ብቻም አልነበረም።

ስለ ኑሮዬ አትጨነቅ አልልህም፣ እኔም ተጨንቄአለሁ። እስከ ሰኔ ደመወዜ አይቆምም። ገጠር ከመደቡኝ አልሄድም። ቤታችን ወደ ፍርድ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ጠዋት ጠዋት አቤቱታ የሚያስጽፍ ሰው በደጃችን ያልፋል። የእናቴ አልጋ ካለበት ክፍል ቀጥሎ በር ልከፍት አስቤአለሁ። ከአራቱ የፔንቲየም ቱ በሬዎችህ አንዱን በውሰት ስጠኝ፤ ስሙን ጠርቼ አስነሳዋለሁ። ስታመጣውም አንተ ራስህ ና። በደምለው እንዳትልክብኝ፣ መንገድ ላይ ሁሉን ወሬ ይነግረዋል።

የቅሬታ ሳጥኑ ትናንት በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተከፈተ። ኮሚቴው ፊት ቆሜ ነበር። ከእኔ የገባ ወረቀት የለም። እስከዚያ ድረስ ያልጻፍኩልህ ሆን ብዬ ነው፤ ቀኑ ሳያልፍ ብትሰማ ሮጠህ መጥተህ "አቅርቢው" ብለህ ታስጨንቀኝ ነበር፣ እኔም ሰው ነኝ፣ እናቴን አይቼ እሸነፍ ነበር። አሁን አልፏል። ደብዳቤህን ዛሬ ጠዋት እንደገና አነበብኩት፤ እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ ደብዳቤ። እናቴም አንብቢልኝ አለችና ለእሷም አነበብኩላት። ስጨርስ "ቀጭኑ ልጅ ይምጣ፣ ምሳ ሳይበላ እንዳትሸኚው" ብላኛለች።

እህትህ ወይንእሸት